እንዳይብስ ማቆምም ሕክምና ነው

ስለ ዓይን ብሌን መሾልና ስለ ሕክምናው ውጤት የተዘጋጀ ትምህርት

ስለ ዓይን ሕክምና ሲወራ ጆሯችን የለመደው አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። በልጅ እየተመራ ይሄድ የነበረ ሽማግሌ የዓይን ሞራው ይወጣለታል፤ በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ የልጅ ልጁን ፊት ያያል፤ ቤተ ሰቡም በእልልታ ይቀበለዋል። ይህ እውነተኛና የሚያስደስት ታሪክ ነው። ነገር ግን የዓይን በሽታ ሁሉ እንዲህ አይታከምም። ሕክምናው በሚገባ ተሠርቶ፣ ሐኪሙም በሥራው ረክቶ፣ ታካሚው ግን ከበፊቱ እምብዛም የተሻለ የማያይበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰብ ያዝናል። ለሕክምናው የረዳ ሰውም፣ «ታዲያ የሰጠሁት ገንዘብ ምን ሠራ?» ብሎ በልቡ ይጠይቃል።

የዛሬው ትምህርታችን ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተዘጋጀ ነው። የምንመለከተው በሽታ ኬራቶኮነስ ይባላል። በጉርምስና ዕድሜ ጀምሮ የዓይንን ብሌን እያሾለ የሚሄድ በሽታ ነው። ሕክምናው ደግሞ ክሮስ ሊንኪንግ ይባላል፤ በአማርኛ ማስተሳሰር ብንለው ይስማማዋል። ትምህርቱን ስናነብ በሐሳባችን የምንቆመው በከሚሴና በአካባቢዋ ነው።

1. አገሩና የልጆቹ ዓይን

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን የምናገኛት ከተማ ስትሆን በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋ በዚሁ ዞን ውስጥ ይገኛሉ። የቦርከና ወንዝ የጨፋን ረግረግ እያጠጣ ያልፋል። ከረግረጉ ወጣ ሲሉ ግን አገሩ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ይበረታል፤ በበጋ አቧራው ይነሣል። ሰኞ የባቲን፣ እሑድ የሰንበቴን ገበያ ያየ ሰው የግመሉ፣ የከብቱና የሰዉ እግር የሚያስነሣውን አቧራ ያውቀዋል።

እንዲህ ባለ ሞቃትና ደረቅ አገር ብዙ ልጆችን፣ በተለይም ወንዶች ልጆችን የሚያስቸግር የዓይን አለርጂ አለ። ዓይን ይቀላል፤ እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ዓይናር ይወጣዋል፤ ብርሃን ያስፈራዋል፤ ከሁሉም በላይ ያሳክካል። ልጁም በእጁ ጀርባ፣ በጋቢው ጫፍ፣ በጉልበቱ ሳይቀር ዓይኑን ያሻል። እናት፣ «ተው፣ አትሽ» ትለዋለች፤ እሱ ግን ማሳከኩ አያስችለውም። አብዛኞቹ ልጆች ከጉርምስና በኋላ ከዚህ አለርጂ ይገላገላሉ። ጉዳት የሚተርፋቸውም አሉ፤ ከጉዳቶቹ አንዱ ዛሬ የምንማረው በሽታ ነው።

2. የዓይን ብሌን ምንድን ነው?

ከዓይናችን ፊት ለፊት፣ ከጥቁሩ ክፍል በላይ እንደ ሰዓት መስተዋት የተደፋ ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ በአገራችን የዓይን ልገሳ በሚነገርበት ጊዜ የዓይን ብሌን የሚባለው እርሱ ነው። ውፍረቱ መካከሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የደም ሥር የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ጥርት ብሎ ብርሃን አያሳልፍም ነበር። ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን አጥፎ ወደ አንድ ነጥብ ከሚሰበስበው ኃይል ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚገኘው ከዚህ ሽፋን ነው። ስለዚህ የብሌኑ ቅርጽ በጥቂቱ ቢበላሽ እንኳ እይታ ብዙ ይበላሻል።

ብሌኑ የተሠራው ኮላጅን ከሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ነው። የከሚሴን አካባቢ የእንጨት ቤት እናስብ። ምሰሶዎቹ ብቻቸውን ግድግዳ አይሆኑም፤ ማገር ተደርጎ በጠፍር ወይም በሚስማር ሲያያዙ ነው ግድግዳ የሚሆኑት። በብሌኑም ክሮች መካከል እንዲሁ ማያያዣ አለ። ማያያዣው ሲላላ ግድግዳው ማዘም ይጀምራል።

3. ብሌኑ ሲሾል

በኬራቶኮነስ የተያዘ ብሌን ይሳሳል፤ ዓይን ከውስጥ ያለው ግፊትም የሳሳውን ቦታ ወደ ፊት ይገፋዋል። ክብ መሆን የሚገባው ሽፋን እንደ መሶብ ክዳን ይሾላል። በሽታውን በ1854 እ.ኤ.አ. ዘርዝሮ የጻፈው ጆን ኖቲንግሃም የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የበሽታው ስም ራሱ ሾጣጣ ብሌን ማለት ነው።

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ እስከ 30ዎቹና 40ዎቹ ዕድሜ ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ሁለቱንም ዓይኖች ይይዛል፤ ነገር ግን አንዱ ቀድሞ ይብሳል። በዘር የሚመጣበት ጊዜ አለ። ዓይንን አዘውትሮ ማሸትም ከዚህ በሽታ ጋር በብርቱ የተያያዘ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል።

አያምም። አይቀላም። በሩቅ የሚታይ ምልክትም የለውም። ልጁ ብላክቦርዱን ለማየት ዓይኑን ያጨፍናል፤ ፊደሉ ጥላ ያለው ወይም ሁለት የሆነ ይመስለዋል፤ ማታ የመኪና መብራት ሲመጣ ብርሃኑ ይበተንበታል። መነጽር ቢያደርግ ለጥቂት ወራት ይረዳዋል፤ ከዚያ መነጽሩ አይበቃውም፤ ሌላ ይለወጥለታል፤ እርሱም አይበቃውም። ብዙ ጊዜ ወላጅ ልጁ ሰነፈ ብሎ ያስባል፤ መምህሩም እንዲሁ።

በሽታው ቀድሞ ከታሰበው ይልቅ የተስፋፋ ነው። በኔዘርላንድ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት ከ375 ሰዎች አንዱ እንደሚያዝ ገምቷል። ከወሎ ብዙ ወጣት ለሥራ በሚሻገርባት በሳውዲ ዐረቢያ፣ በሪያድ ከተማ ደግሞ በሌላ ሕመም ወደ ሆስፒታል የመጡ ከ6 እስከ 21 ዓመት ያሉ 522 ልጆችና ወጣቶች ብሌናቸው በመሣሪያ ተመረመረ። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ጥናት ከመቶ 4.79 የሚሆኑት በሽታው ተገኝቶባቸዋል፤ ይህም ከ21 አንድ ያህል ነው። አገሩ ሞቃትና አቧራማ መሆኑን ልብ ይሏል።

4. ቀድሞ የምናውቀው ምሳሌ

ስለ አዲሱ ሕክምና ከመናገራችን በፊት የአማራ ክልል ሕዝብ በሚገባ የሚያውቀውን ሌላ የብሌን ጠላት እናስታውስ፤ ትራኮማን ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በክልሉ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከመቶ 62.6 የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከአዋቂዎች ደግሞ ከመቶ 5.2 የሚሆኑት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን ይቧጭራቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በክልሉ የፊት ንጽሕና ትምህርት፣ የመጸዳጃ ቤት ሥራ፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በዘመቻ መታደሉና የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ ቆይቷል።

ሽፋሽፍቷ የተቀለበሰባት እናት በወረንጦ እያስነቀለች ዓመታት ትገፋለች። በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፤ የቆቡ ጠርዝ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ ጭረቱም ይቆማል። ሥቃዩ ይቀርላታል፤ ዕንባዋ ይደርቃል፤ ብርሃን ማየት ትችላለች። ነገር ግን ብሌኗ ላይ አስቀድሞ የተተከለው ጠባሳ በዚህ ቀዶ ሕክምና አይነሣም። ጠባሳው ትንሽ ሳለ የመጣች እናት የምታይበት ዓይን ይተርፋታል፤ ጠባሳው ብሌኗን ከሸፈነ በኋላ የመጣችው ግን ከሥቃይ ብትድንም ብርሃኗ አይመለስላትም። ቀዶ ሕክምናው አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የመጡበት ጊዜ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ክሮስ ሊንኪንግን ለመረዳት አይቸገርም።

5. የማስተሳሰሩ ሕክምና እንዴት ይሠራል?

ይህ ሕክምና የተወለደው በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ነው። ቴዎ ዛይለር፣ ኤበርሃርድ ሽፐርልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የላላውን ብሌን የሚያጠነክር መንገድ ይፈልጉ ነበር። ያገኙት መንገድ ሁለት ነገሮችን ያጣምራል። አንደኛው ራይቦፍላቪን ነው፤ ይህም በወተትና በእንቁላል ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ 2 ነው። ሁለተኛው አልትራ ቫዮሌት የተባለው ጨረር ነው።

መጀመሪያ ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል። ሐኪሙ ከብሌኑ ላይ ስስ የሆነውን የላይኛውን ቆዳ ያነሣል። ከዚያ ለ30 ደቂቃ ያህል ቢጫው የቫይታሚን ጠብታ እየተደጋገመ ይጨመራል። ብሌኑ ጠብታውን ከጠገበ በኋላ ጨረሩ ለሌላ 30 ደቂቃ ይበራበታል። ቫይታሚኑና ጨረሩ ሲገናኙ በኮላጅን ክሮች መካከል አዲስ ማያያዣ ይፈጠራል፤ ግድግዳው ተጨማሪ ማገር ተመታለት እንደ ማለት ነው። ዛሬ ጊዜውን የሚያሳጥሩ ሌሎች አሠራሮችም አሉ፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው።

አንድ ብርቱ ገደብ አለ። በተለመደው አሠራር የብሌኑ ውፍረት ቢያንስ 400 ማይክሮን፣ ማለትም ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ያነሰ መሆን አለበት። ከዚያ የሳሳ ከሆነ ጨረሩ ወደ ውስጥ አልፎ ብሌኑን ጥርት አድርገው የሚጠብቁትን የውስጠኛ ሕዋሳት ሊጎዳ ይችላል። እጅግ ዘግይቶ የመጣ ታካሚ ከበሩ የሚመለስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

6. ውጤቱ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። የብሌኑ መሾል የሚለካው ዳዮፕተር በሚባል መለኪያ ነው። ጤነኛ ብሌን 43 ወይም 44 ዳዮፕተር ያህል ይሆናል፤ በሾለ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህን ይዘን የሚከተሉትን እንመልከት።

ሀ) የድሬስደን ሐኪሞች በ2003 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የታካሚዎች ውጤት አሳተሙ። የታከሙት የ22 ሰዎች 23 ዓይኖች ሲሆኑ ከ3 ወር እስከ 4 ዓመት ድረስ ተከታትለዋቸዋል። በታከሙት ዓይኖች ሁሉ በሽታው ቆመ። በ16ቱ ብሌኑ በአማካይ 2 ዳዮፕተር ያህል ዝቅ አለ። እይታ በጥቂቱ የተሻሻለው በ15ቱ ነው።

ለ) በአውስትራሊያ 100 ዓይኖች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለ3 ዓመት ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ። ያልታከሙት በአማካይ 1.75 ዳዮፕተር ሾሉ፤ የታከሙት ደግሞ 1.03 ዳዮፕተር ዝቅ አሉ።

ሐ) በአሜሪካ በተደረገውና በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ የታከሙት በመነጽር ማንበብ የቻሉት በአማካይ 5.7 ፊደል ጨመረ፤ ያልታከሙት 2.2 ፊደል። በምርመራ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር 5 ፊደል ስላለው የታከሙት ያገኙት አንድ መስመር ያህል ነው ማለት ነው።

መ) ለእኛ ትምህርት ከሁሉ የሚበልጠው በእንግሊዝ አገር ከ10 እስከ 16 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተደረገውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ሕክምናውን ካገኙት 30 ልጆች በ18 ወር ውስጥ በሽታው የገፋው በ2ቱ ብቻ ነበር። መነጽርና ኮንታክት ሌንስ ብቻ ከተሰጣቸው 28 ልጆች ግን በ12ቱ ገፋ።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ ስናያቸው ምን ይነግሩናል? እይታ ይሻሻላል፤ ነገር ግን የሚሻሻለው በጥቂቱ ነው፤ ለሁሉም ሰው አይደለም። ትልቁ ውጤት ሌላ ነው፤ እርሱም መግፋቱ መቆሙ ነው። ካልታከሙት የእንግሊዝ ልጆች መካከል ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው በዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ብቻ ባሰባቸው። ልጅነት በሽታው የሚፈጥንበት ዕድሜ ነው።

ወደ ግድግዳችን እንመለስ። ያዘመመ ግድግዳ ያለው ሰው ድጋፍ እንጨት ያቆምለታል። ድጋፉ ግድግዳውን ቀጥ አያደርገውም። ጎረቤት ቢያየው፣ «ያው እንዳዘመመ ነው» ይላል። ክረምቱ አልፎ ቤቱ ቆሞ ሲገኝ ግን የድጋፉ ዋጋ ይታወቃል።

7. ልናውቀው የሚገባ ችግር

እውነቱን ለመናገር ሕክምናው ያለ ችግር አይደለም። የተነሣው ቆዳ እስኪመለስ ድረስ ለጥቂት ቀናት ዓይኑ ብርቱ ሕመም ይኖረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እይታ ከበፊቱ ይደበዝዛል፤ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ጥቅሙ የሚለካው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ቁስሉ ሳይሽር ቆሻሻ ከገባበት ኢንፌክሽን ይይዘዋል፤ ጠባሳም ሊተው ይችላል።

በስዊዘርላንድ በዙሪክ ከተማ 117 ዓይኖችን የተከታተሉ ሐኪሞች በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከመቶ 2.9 የሚሆኑት ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለት መስመር ወይም ከዚያ በላይ እይታ እንዳጡ፣ ከመቶ 7.6 በሚሆኑት ላይ ደግሞ በሽታው እንዳልቆመ ገልጸዋል። ሳይቆም የቀረው ይበልጡን ብሌናቸው ከ58 ዳዮፕተር በላይ በሾለ ሰዎች ላይ ነበር። ይህም የሚያስተምረን ያንኑ ነው፤ እጅግ የገፋ በሽታ ለሕክምናውም አይመችም።

ጊዜው ያለፈበት ታካሚ ምን ይደረግለታል? ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ በብሌኑ ላይ ሲቀመጥ የተበላሸውን ቅርጽ ሸፍኖ ብዙ ሰዎችን ይረዳል፤ ንጹሕ ውሃና ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሌንስም የማይረዳው ሲሆን ቀሪው መንገድ የብሌን ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የሚለግሱትን ብሌን ይሰበስባል። ይህ የተቀደሰ ሥራ ነው። ሆኖም የሚለገሰው ብሌን ከሚጠባበቀው ሰው ጋር አይመጣጠንም፤ የተተከለለትም ሰው ለብዙ ዓመታት የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። በኔዘርላንድ የማስተሳሰሩ ሕክምና በመላ አገሪቱ ከተዳረሰ በኋላ ለዚህ በሽታ የሚደረገው ንቅለ ተከላ በሩብ ያህል ቀንሷል። በጊዜው የዳነ አንድ ዓይን ለሌላ ሰው አንድ ብሌን ያተርፋል ማለት ነው።

8. አንድ ምሳሌ

የሚከተለው የደረሰ ታሪክ አይደለም፤ ትምህርቱን ለማስረዳት በሐሳባችን የምንሠራው ምሳሌ ነው።

ከከሚሴ ወጣ ባለ ቀበሌ የሚኖር የ14 ዓመት ተማሪ እናስብ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑን ሲያሽ ያደገ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ መነጽሩ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። በመጨረሻ በሪፈር ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ፤ የብሌኑ ካርታ በመሣሪያ ተነሣ። ቀኝ ዓይኑ ብዙ ሾሏል፤ ግራው ገና መጀመሩ ነው። አባትየው በሬ ሸጦ፣ ከዘመድም ተበድሮ ቀኝ ዓይኑን አሳከመ።

ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል መጡ። ልጁ በቀኝ ዓይኑ ያነበበው ያንኑ የድሮውን መስመር ነው። አባትየው ፊቱ ጠቆረ።

«ዶክተር፣» አለ፤ «ይህን ሁሉ መንገድ የተመላለስነው ልጁ ያንኑ ሊያይ ነው? በሬዬን የሸጥሁት ለዚህ ነው?»

ሐኪሟ ሁለት ካርታዎች ጎን ለጎን አስቀመጠች። «አባባ፣ ይህ የቀኙ ዓይን ነው፤ ያኔ የተነሣውና የዛሬው። ልዩነት ያዩበታል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲህ ይህ የግራው ነው። ያላከምነው። ያኔ እዚህ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ደርሷል።»

አባትየው ካርታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ቀለሙ ምን ማለት እንደ ሆነ ባያውቅም ቀዩ ቦታ መስፋቱን አየ።

«ስለዚህ ያ የቆመው ነው፣ ይህ የሚሄደው?»

«አዎ። የሚሄደውን ደግሞ ገና ቅርብ ሳለ ልናቆመው እንችላለን። ይህ ዓይን እስከ ሽምግልናው ሊያነብበት የሚችል ዓይን ነው።»

የትምህርታችን ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አባትየው፣ «አልሠራም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ ቢመለስ ኖሮ የሚጠፋው ግራው፣ ደህነኛው ዓይን ነበር። የውጤቱን ትርጉም አስቀድሞ ያልነገረ ሐኪም፣ ወይም ለታካሚው፣ «ትድናለህ፣ ታያለህ» ብሎ የላከ ረዳት፣ ሳያስበው ሁለተኛውን ዓይን ሊያሳጣው ይችላል።

9. ከከሚሴ ሲታይ ምን ይደረግ?

ለዚህ ሕክምና የሚያስፈልገው መሣሪያ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ከከሚሴ የሚነሣ ታካሚ በሰሜን ወደ ደሴና ወደ ቦሩ ሜዳ፣ ወይም በደቡብ ወደ አዲስ አበባ ለምርመራ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። ሕክምናው አንድ ቀን ቢሆንም መንገዱ አንድ ቀን አይደለም፤ ምርመራ አለ፣ ቁስሉ እስኪሽር ማደሪያ አለ፣ ለክትትል መመላለስ አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወሎ በደረሰ ጊዜ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ሥራ አቁመው ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ክትትል መቋረጡ የማይቀር ነው። ስለዚህ እርዳታ የሚሰጥ ሰው ሐሳቡን በቀዶ ሕክምናው ክፍያ ላይ ብቻ አያሳርፍ። የመንገዱና የማደሪያው ወጪ፣ በዓመቱ የሚታዘዘው መነጽርም የሕክምናው ክፍል ነው።

ነገር ግን ብዙው ሥራ ሐኪም ዘንድ ከመድረስ በፊት የሚሠራ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

አንደኛ፤ ልጆች ዓይናቸውን እንዳያሹ እናስተምር። ማሳከኩ ሲብስ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ነክሮ በተጨፈነው ዓይን ላይ ማሳረፍ ያስታግሳል። ፊትን መታጠብም አቧራውን ያስወግዳል፤ ትራኮማንም ይከላከላል።

ሁለተኛ፤ የሚያሳክክ ዓይን ያለው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለአለርጂ የሚሆን ጠብታ አለ። ማሳከኩ ሲታከም እጁ ያርፋል።

ሦስተኛ፤ ዴክሳሜታዞን የመሰለውን የስቴሮይድ ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መጠቀም አደገኛ ነው። ማሳከኩን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ሰው ይወደዋል። ለረጅም ጊዜ ሲደረግ ግን የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ፣ እንዲሁም የዓይን ሞራ ያመጣል። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም።

አራተኛ፤ መምህራን ይረዱን። መነጽሩ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ፣ ወይም መነጽር አድርጎም የማያነብ ተማሪ ሲያዩ ሰነፍ ከማለት ይልቅ ወላጁን ጠርተው፣ «ብሌኑ ይመርመር» ይበሉ። አንዱ ወንድም ወይም አንዷ እኅት በሽታው ካለባቸው ሌሎቹም ይታዩ።

አምስተኛ፤ ትምህርቱ በሰዉ ቋንቋ ይሰጥ። በዚህ ዞን እናት ለልጇ የምትነግረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ስለ ማሸት የሚሰጠውም ምክር በዚያው ቋንቋ ሲነገር ከቤት ይገባል።

10. ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፤ ከአሁን በኋላ ስለ አንድ ወጣት፣ «ታክሟል፤ እይታው ግን እንደ ነበረ ነው» የሚል ወሬ ስንሰማ ቶሎ አንዘን። እንዲህ ብለን እንጠይቅ፤ ባይታከም ኖሮ ዛሬ የት ይደርስ ነበር? በዕጣ ተከፍለው ካልታከሙት ወገን የወደቁት ልጆች መልሱን ሰጥተውናል። እንደ ነበረ መቆየት በዚህ በሽታ ትልቅ ነገር ነው። የ14 ዓመት ልጅ ዛሬ የሚያነበውን መስመር በ40 ዓመቱም ካነበበው ትምህርቱን ጨርሷል፣ ሥራ ይዟል፣ ልጆቹን አሳድጓል ማለት ነው። ይህ ፋሻ በሚፈታበት ቀን የሚታይ ደስታ አይደለም፤ በብዙ ዓመት የሚታይ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምናና የማስተሳሰሩ ሕክምና በምን ይመሳሰላሉ? ሁለቱም የማይመልሱት ነገር ምንድን ነው?

2) በእንግሊዝ አገር በተደረገው ጥናት ካልታከሙት 28 ልጆች በስንቱ በሽታው ገፋ? ከታከሙትስ 30 ልጆች በስንቱ?

3) በምሳሌው የተጠቀሰው አባት፣ «አልሠራም» ብሎ ቢመለስ ኖሮ የሚጎዳው የትኛው ዓይን ነበር? ለምን?

4) በአካባቢያችሁ ዓይኑን አዘውትሮ የሚያሽ ልጅ አለን? ለወላጆቹ ምን ትነግሯቸዋላችሁ? በምን ቋንቋ?

5) ለአንድ ታካሚ ለመርዳት ብታስቡ ከሕክምናው ክፍያ ሌላ ምን ምን ወጪ እንዳለ ዘርዝሩ።